ሰልፍ ያልጠበቀ ልብ

በደርግ ጊዜ ሰው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ሲባል ጋቢውን ይዞ ነበር የሚወጣው። እኔን የአብዮት ጥበቃዎች የጠሩኝ ግን ኮተቤ ላም ሳዋልድ ነው። ክንዴ እስከ ክርኔ ድረስ ላሟ ውስጥ ነበር። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር ይፈልጉሃል። የልብ ማዳመጫህን ይዘህ ና» አለኝ ጠብመንጃ የያዘው።

ላሟ እንኳ ደነገጠች መሰለኝ፣ እኔን ሳትጠብቅ ወለደች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሲግናል አካባቢ በተወረሰ ቪላ ይኖር ነበር። ውሻውም ከቤቱ ጋር የተወረሰ ነው። ውሻ ብዬ ልጥራው እንጂ እግር የተተከለለት ጆንያ ነበር። ልጁ የታሰረበትም፣ ቤቱ የተወሰደበትም፣ አቤት ሊል የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ለውሻው አጥንት ይወረውራል። ሊቀመንበሩ ውሻውን የወደደለትን ሰው ይወዳል ይባል ነበራ። እንግዲህ ያ ውሻ የሰፈሩን ፍርሃት በልቶ ነው የወፈረው። ያስላል፤ አሥር እርምጃ ተራምዶ ይተኛል።

ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጌ፣ ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። ሊቀመንበሩ ቀማኝና እሱም ሰማ። ፊቱ በራ።

«እንደ ሰልፍ ነው የሚረግጠው! ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ! ታዲያ ምኑን ነው ያመመው?»

ችግሩ ያ ቀጥ፣ ቀጥ ማለቱ ነበር። የጤነኛ ውሻ ልብ አየር ሲስብ ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ ይዘገያል። ልቡ ሲታመምና ስብ ሲጫነው ነው ብዙውን ጊዜ እኩል እኩል የሚመታው። ይህን ለዚያ ሰው፣ በዚያ ዘመን፣ በየትኛው አፌ ልንገረው? ሰልፉ ነው በሽታው ብዬ?

«ምግቡ ይቀነስ፤ ጧት ጧት ዳገት ይራመድ» ብቻ አልኩ።

«ከሞተ አሻጥር ነው» አለና ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በዚያች ቅጽበት ያላበኝ ላብ ቢጠራቀም የኮተቤን ከብት በሙሉ ያጠጣ ነበር።

በማግስቱ በቀበሌው መኪና ዳገቱ ግርጌ ወስደው አራገፉን። ውሻው ከፊት፣ እኔ ከኋላው፣ ታጣቂው ከእኔ ኋላ ሆነን በባሕር ዛፉ መሐል ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አቅጣጫ መውጣት ጀመርን። መጀመሪያ ቀን ሃያ እርምጃ፤ ከዚያ ሠላሳ። ከቅዳሴ የሚመለሱ አንዲት እናት ቆም ብለው አዩንና ታጣቂውን፦

«ልጄ፣ የታሰረው የትኛው ነው?» አሉት።

ውሻው ባሳለ ቁጥር የራሴን ቀብር አያለሁ። የሚወረወረው አጥንት ቀረ፤ ሰዉም አቤቱታውን ይዞ ባዶ እጁን ይመጣ ጀመር።

በአራተኛው ሳምንት ማዳመጫውን ሳስቀምጥ ልቡ ፈጠን፣ ዘግየት፣ ደግሞ ፈጠን አለ። ድኗል ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ አልደረስኩም። ሊቀመንበሩ ማዳመጫውን ወስዶ ጆሮው ውስጥ ከቶታል። ፊቱ ጠቆረ።

«ምን አጠጣኸው?»

«ጓድ፣ ተሽሎታል።»

«ይሄ ነው መሻል? አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል! ሰልፉ የት አለ?» እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

አንድ ወር የያዝኩት ምላስ አመለጠኝ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በሽታው ሰልፉ ነበር!»

ታጣቂው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እኔ ደግሞ የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ እፈልግ ነበር፤ ግን አንዴ ወጥቷል።

«ካላመኑኝ በር ላይ የሚተኛውን የመንገድ ውሻ ይስሙ» አልኩ፣ ድምፄ የሕፃን ሆኖ።

ታጣቂው ያንን አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ ጎትቶ አመጣ። ሊቀመንበሩ ተንበርክኮ ሰማ። ወደ ወፍራሙ ዞሮ ሰማ፤ ወደ ቀጭኑ ተመለሰ። የቀጭኑም ልብ እንዳሻው ይፈጥናል፣ እንዳሻው ይዘገያል። ቀና ብሎ አየኝና ሳያስጠነቅቀኝ ማዳመጫውን እኔ ደረት ላይ ለጠፈው።

«ያንተማ ሰልፍ ላይ ነው» አለ። «በሩጫ።»

አልሳቅኩም። እሱም አልሳቀም።

«ይህን የሰልፍ ነገር ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«ለማንም» ብሎ ደገመልኝ፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ እየሻጠ። «ነገም በሰዓትህ ትመጣለህ።»

መጣሁ። ውሻው ዳገቱን እየወደደው ሄደ። እኔ ግን ያ መንግሥት እስኪሄድ ድረስ ያቺን ነገር ለላሞች እንኳ አልተነፈስኩም።