ሞርሳው ውስጥ የቀረው በርጩማ

አናጺው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልለት ነበር። ሠላሳ ዓመት እንጨት ሲልግ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ በአመክሮ የተለቀቁና ከቤት የኮበለሉ ልጆች በሚውሉበት የወጣቶች ማዕከል የእጅ ሙያ አስተማሪ ሆነ። ማዕከሉ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፦ ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ልጅ ስሙ ለፍርድ ቤት ይተላለፋል፤ አስተባባሪዋም በዚያው ቀን ልትፈልገው ትወጣለች። ለአናጺው ከሁለቱ የሚታየው የፊተኛው ብቻ ነበር። አምና አንድ ተማሪው እንዲህ ሆኖ ወደ ማረሚያ ቤት ሲመለስ በዓይኑ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያ ደንብ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ቀረ።

ከልጆቹ ሁሉ ነፍሱ የወደደቻት አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላትን፣ ቀጭንና አፈኛ ልጅ ነበር። ጓደኞቿ "ሽቦ" ይሏታል።

"ጋሼ፣ ይሄ የበርጩማ እግር ተንጋደደብኝ።"

"እሱ አይደለም የተንጋደደው፣ አንቺ ነሽ። እስቲ ቀጥ በይ።"

"እኔ ቀጥ ካልኩማ ማዕከሉ ሊዘጋ ነው! እርስዎም ሥራ ይፈታሉ።"

ያን ቀን እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ከዚያ ሽቦ ቀረች። አናጺው ሁለት ቀን ጠበቃት። በሦስተኛው ቀን ገቢና ቀሪ በሚያዝበት መዝገብ ላይ፣ ከስሟ ትይዩ ራይት አደረገ። ባዶ የቀሩትንም ሁለት ቀኖች ሞላላት። ከዚህ በፊትም አልፎ አልፎ ስትቀር ሸፍኖላት ያውቃል። "ነገ ትመጣለች" አለ ለራሱ። በማግስቱም እንዲሁ አለ፤ በሌላውም ቀን። እጁ ለመደና ኅሊናውን ማማከር ተወ።

አንድ ጠዋት ሽቦን የምታሳድጋት አክስቷ የሱቅ ሽርጧን ሳታወልቅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"እስቲ ልጄን ይጥሩልኝ። ተኳርፈን ነው ከቤት የወጣችው። ደውዬ ስጠይቅ ጸሐፊዋ መዝገብ አይታ 'ዛሬም ገብታለች' አለችኝ። እኔም ጓደኛዋ ዘንድ እያደረች ነው፣ ኩርፊያዋ ይብረድላት ብዬ ተውኳት። ዛሬ ግን አላስችል አለኝ።"

አናጺው መላጊያውን አስቀመጠ። 

"አልገባችም፣ እህቴ።"

"ምን አሉኝ?"

"አልገባችም። ምልክቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ። እንዳይወስዱብን ብዬ…"

ሴትየዋ አልጮኸችም። "እኔ እኮ ጋሼ" አለች ድምጿ እየተቆራረጠ፣ "እንቅልፍ የወሰደኝ በእርስዎ ራይት ነው።"

አስተባባሪዋ ተጠራች። ወቀሳውን ለኋላ አቆየችው። "ለፖሊስ የምነግረው እፈልጋለሁ። መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?"

መዝገቡን ገለጠ። እውነተኛውም ሐሰተኛውም ራይት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ የተጻፈ ነው። "ሰኞ… የለም፣ ረቡዕ ይመስለኛል…" ሰው ሲዋሽ ሌላውን ብቻ የሚያታልል ይመስለዋል። አናጺው ግን ራሱ የሚመለስበትን ዱካ አጥፍቶ ተገኘ።

ድንገት ወደ ጥጉ ሮጠ። በሥራ ክፍሉ ልማድ፣ ኮላ የተቀባ እንጨት እስኪጣበቅ ሞርሳ በሚሉት ማጥበቂያ ውስጥ ሲታሰር፣ ሳይደርቅ ማንም እንዳይፈታው ሠሪው ቀኑንና ሰዓቱን በእርሳስ ይጽፍበታል። የሽቦ በርጩማ እንደታሰረ አቧራ ለብሷል። በመዳፉ ጠረገው።

"ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት። እስከ ነገ እንዳትነኩብኝ።"

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ማክሰኞው ደግሞ ያለፈው ሳምንት ነው። አሥር ቀን። ደንቡ ቢከበር ኖሮ ባለፈው ዓርብ ፍለጋው ተጀምሮ ነበር።

አስተባባሪዋ ስልኳን አንስታ ወጣች። አክስትየዋ በጣቷ ጽሑፉን ዳሰሰችው።

"ደርቆ የለም እንዴ? አይፈታም?"

"ደርቋል" አለ አናጺው ኮቱን ከምስማሩ እያወረደ። "ግን እንዳትነኩብኝ ብላለች።"

ሊፈልጓት ተከታትለው ወጡ። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ፣ ሁለቱም አላወቁም።