በቀይ እስክሪብቶ የታረመው የዮሴፍ አባት

ትናንት የመጻሕፍት መደርደሪያዬን ሳራግፍ ትንሿ ወንጌል እጄ ላይ ተከፈተች። አጎቴ ከጎታው አጠገብ ያስቀምጣት ስለነበር እስካሁን የእህልና የአቧራ ሽታ አለቀቃትም። በአንዱ ገጽ ላይ ቀይ መስመር አለ፤ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ቀለሙ ወደ ጀርባው አልፏል። ያ መስመር አንድ ጾም ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ልንገርሽ።

ትምህርት ቤት የገባሁት አርፍጄ ነው። አራተኛ ክፍል ስደርስ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከልጆቹ ጋር ስቀመጥ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም። አባቴ እኔ ጡት ሳልተው ሞቷል። ያሳደገኝ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ አያ ነበር የምለው። ከሉማሜ ከተማ ወዲያ ካለው መንደራችን በእግር ወስዶ ያስመዘገበኝ ዕለት መምህሩ የአባት ስም ሲጠይቀው የራሱን አልሰጠም። “የወንድሜን ስም ይጻፉልኝ፤ የሱ ልጅ ናት” አለ። እኔ ያኔ ልብ አላልኩትም።

በዕድሜ ትልቅ ስለነበርኩ መምህሩ የልጆቹን ደብተር እንዳርምለት ቀይ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም ነበር፤ ዛሬም አልችልም። ያን ሰሞን አያ ከማርቆስ ከተማ ገበያ ወንጌሏን ገዝቶልኝ መጣ። እሱ ፊደል አልቆጠረም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋቢውን ተከናንቦ ግቢያችን ካለው የብሳና ዛፍ ሥር ይቀመጥና፣ “በይ እስቲ፣ ጌታችን ዛሬ የት ደረሰ?” ይለኛል። ሳነብ ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማል። አንዳንዴም ያቋርጠኛል፦ “ዘር መንገድ ላይ የሚበትን ምን ያለ ገበሬ ነው?”

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሦስተኛው ወንጌል ላይ ደረስን። ከጌታችን የትውልድ ዝርዝር ላይ ዮሴፍ የኤሊ ልጅ መሆኑን አነበብኩ። አያ ዐይኑን ገለጠ።

“ቆይ። ያኔ የያዕቆብ ልጅ ነው አላልሽኝም?”

“ብዬሃለሁ።”

“እንግዲያ ዛሬ ተሳስተሻል። ደግመሽ እዪው።”

ወደ መጀመሪያው ወንጌል ተመልሼ አየሁ። እውነቱን ነው፤ እዚያ ያዕቆብ፣ እዚህ ኤሊ። ፊቴ ጋለ። በዚያ ዕድሜዬ ማንበብ አትችልም ከምባል የፈለጉት ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። “ያተሙት ናቸው የተሳሳቱት” አልኩና ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ኤሊን ሰረዝኩ፤ ከላዩ ያዕቆብ ብዬ ጻፍኩ።

“አሁን ተስተካከለ” አለ አያ፣ ደስ ብሎት።

በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት አንድ እንግዳ ሰባኪ መጣ። በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የሚጨምርም የሚያጎድልም ስሙ ከሕይወት መዝገብ ይሰረዛል ሲል በሴቶች በኩል ቆሜ እሰማ ነበር። ይሰረዛል ሲል የታየኝ በራሴ ስም ላይ የተሰመረ ቀይ መስመር ነው። እኔ እንደሆነ ሁለቱንም አድርጌያለሁ፤ አጉድያለሁም፣ ጨምሬያለሁም።

በላጲስ ፈገፈግሁት፤ ወረቀቱ ሳሳ እንጂ ቀለሙ አልወጣም። ማንበቤን ተውኩ። አያ ግን በየእሑዱ ብሳናው ሥር ይጠብቀኛል። “ጌታችን መንገድ ላይ ቀረ እኮ” ይለኛል። “ዐይኔን አሞኛል” እለዋለሁ። በኃጢአቴ ላይ ውሸት ተጨመረበት።

ሆሳዕና ሲቃረብ አልቻልኩም፤ ወንጌሏን በነጠላዬ ሸፍኜ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

“አባ፣ ወንጌል አርሜያለሁ።”

“ምን አደረግሽ?”

“አረምኩ። በቀይ።”

መጽሐፏን ተቀብለው ከዐይናቸው አርቀው አዩዋት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው።

“ከዐሥር ስንት ሰጠሽው?”

ሳቃቸውን ጨርሰው ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

“ትርጓሜ ቤት ገብቶ ይህን ያልጠየቀ የለም” አሉኝ። “ሊቃውንቱ ሲተረጉሙት ኤሊና ያዕቆብ ወንድማማቾች ናቸው ይላሉ። ኤሊ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። በሕጋቸው ያዕቆብ የሟቹን ሚስት አገባና ዮሴፍን ወለደ። ልጁ ግን በሟቹ ተጠራ፣ የወንድሙ ስም እንዳይጠፋ። አንዱ የሥጋ አባት፣ አንዱ የሕግ አባት። የተሳሳተ የለም።” ወንጌሏን መለሱልኝና ቀጠሉ፦ “ይህ ለሌላው ቢጠፋው፣ ላንቺ እንዴት ጠፋሽ? በማን ቤት ነው ያደግሽ?”

ጠዋቱን ሙሉ ወይራው ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ያኔ ነው የተሰሙኝ።

“ቀኖናዬስ አባ?”

“ሄደሽ ለአጎትሽ አንብቢለት። ያረምሽውን አይደለም፣ የተጻፈውን።”

“መስመሩስ?”

“ተይው” አሉና በመስቀላቸው ግንባሬን ዳሰሱኝ።

ማግስቱ እሑድ ነበር። ለአያ አነበብኩለት፤ እንደነገሩኝም አስረዳሁት። በጭራሮ መሬቱን ይጭር ጀመር።

“ታዲያ ያዕቆብ፣ ያሳደገው እሱ፣ በስሜ ይጠራልኝ አላለም?”

“አላለም።”

“ወንድሙን ወዶ ነዋ” አለ ቀስ ብሎ። “በይ ቀጥይ፤ ጌታችንን አቆምነው።”

የምዝገባው ዕለት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሳነብ አንድ መስመር ዘለልኩ። ሳያውቅብኝ አልቀረም፤ ግን አላረመኝም።

አያ ካረፈ ቆየ። እኔም ኑሮዬ ማርቆስ ሆነ። ሙታኖቻችን በቅዳሴ እንዲታሰቡ ስማቸውን በወረቀት ጽፈን እንሰጣለን። ባለፈው ወር የደብሩ ጸሐፊ ወረቀቴን አየና መነጽሩን ከፍ አደረገ።

“እትዬ፣ አባት ብለው በጻፉበት ላይ ሁለት ስም ገብቷል። የቱን ልሰርዘው?”

እስክሪብቶው ወረቀቱን ነክቷል።

“ተወው” አልኩት። “የተሳሳተ የለም።”