ጋን የገባው ዓለምነው

ገዳሪፍ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜያለሁ። ከከሰላ የመጣ አውቶቡስ ሰው ያራግፋል። አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ከደረጃው እንደወረዱ እግራቸው ከዳቸውና መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይፈልጋል። አብሯቸው የወረደ ትከሻ ሰፊ ሰው ግን ዕቃውን ጥሎ አጠገባቸው አፈር ላይ ተቀመጠ፤ ጫማቸውን አውልቆ የደነዘዘ እግራቸውን ያሽላቸው ጀመር። ለመነሣት ሲታገሉ፣ «ሹወያ ሹወያ፣ ቀስ ይበሉ እናቴ! ቸኩሎ የተነሣ ሰው ምን እንደሚሆን እኔን ይጠይቁኝ» አላቸው በአረብኛ።

አሮጊቷ መርቀውት ሲሄዱ ጠጋ ብዬ፣ «ምን ሆነህ ነበር?» አልኩት። አማርኛ ሲሰማ ፊቱ በራ። ዓለምነው ይባላል፤ የመተማ ልጅ ነው።

ወደ ሱዳን የመጣው እንደ ብዙዎቻችን ለሰሊጥ አጨዳ ነበር። ኋላ ፖርት ሱዳን ወርዶ፣ ባሕር ጠልቀው ዓሣ የሚያዩ እንግዶችን በምትወስድ ጀልባ ላይ ተቀጠረ። የጀልባዋ ካፒቴን ኸድር የአየር ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ መጥለቅ አስተማረው።

አንድ ቀን የመልህቁ ገመድ ድንጋይ ሥር ተጠላለፈ። ዓለምነው እየወረደ እየወጣ ሲፈታ አረፈደ። በመጨረሻ ጊዜ፣ «ጀልባዋ ላይ ለምሳ የተጠበሰው ዓሣ ታየኝ» ይላል፣ እንደ ቡሽ ተፈናጥሮ ወጣ። ገና ሳህኑን ሳያነሣ ትከሻውን ወጋው፤ ቀጥሎ እግሮቹ የእሱ አልመስል አሉት።

ኸድር ነገሩ ወዲያው ገባው። በጀርባው አስተኝቶ ኦክስጅን ገጠመለት፣ ወደቡን በሬዲዮ ጠርቶ ሞተሩን አስነሣ።

«አንተ ሆዳም፣ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ሆነሃል» አለው። «በአንዴ ሲከፍቱት ይፈላ የለም? ደምህ ውስጥ ያለው አየርም አረፋ ሠርቷል። አሁን ክዳኑን መልሰን እንገጥማለን፤ ከዚያ ቀስ ብለን እንከፍታለን።»

ኸድር «ክዳኑ» ያለው፣ ሰው የሚያስተኛ ትልቅ የብረት በርሜል ነው። አምቡላንስ ከወደቡ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ በርሜሉ ውስጥ አስገቡት፤ ኢንቲሳር የምትባል ነርስም አብራው ገባች። በሩ ተዘጋ፣ አየር ተሞላ፣ ጆሮው ተደፈነ። «አፍንጫህን ይዘህ ንፋ!» አለችው፤ ድምፅዋ በግፊቱ ቀጥኖ የጫጩት ሆነ። ዓለምነው አቡነ ዘበሰማያት ጀምሮ ነበር፤ የራሱም ድምፅ እንደዚያው ሆኖ ሲሰማው ሳቁ አመለጠው። ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አየሩ ቀስ በቀስ ሲቀነስ፣ የእግሩ ጣቶች ተንቀሳቀሱ።

«እግዚአብሔር ለኸድር ማስተዋልን ባይሰጠው፣ ዛሬ ክራንች ላይ ነበርኩ» አለኝ። እኔም አሜን አልኩ።

መከራው የመጣው ከዳነ በኋላ ነው። ለወንድሙ ደውሎ፣ «ጋን የሚያህል ብረት ውስጥ ገብቼ ዳንኩ» አለው። መስመሩ ይቆራረጥ ነበርና ወንድሙ «ጋን»ን «ጋኔን» ብሎ ሰማ። ወሬው ገዳሪፍ እስኪደርስ ዓለምነው የባሕር ጋኔን ገብቶበት ነበር። እዚሁ ገዳሪፍ የሚኖሩት የእጮኛው የሐመልማል አባት አቶ ታምሬ፣ «ጋኔን ላደረበት ልጄን አልድርም» ብለው ሠርጉን አቆሙት።

«እሷስ ምን አለች?»

«እሷማ ትስቅብኛለች! ‹ጋኔንህ አረብኛ ነው አማርኛ የሚናገረው? ልጅ ይይዝልናል ወይ?› ትለኛለች። አባቷ ግን አይስቁም። ቅዳሜ እሳቸው ባሉበት የዚህ ቤተ ክርስቲያን ካህን ጠበል ይረጩኛል፤ ለዚሁ ነው የመጣሁት። ካልጮህኩ ሠርጉ አለ። ከጮህኩ የለም።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ጋኔን የለብህ።»

ዙሪያውን አየት አድርጎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ቀይ ባሕር ሞቃት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካኝ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እጮሃለሁ። ጠበሉ ደግሞ የሚቀመጠው ጥላ ሥር በሸክላ ዚር ነው፤ በረዶ ነው! እርስዎን በፊት ሰንበት ሰንበት ከካህኑ ጋር ሲያወሩ አይቼዎታለሁ። እባክዎ፣ ቅዳሜ ካህኑን ውኃውን ቀድተው ትንሽ ፀሐይ ላይ እንዲያቆዩት ይለምኑልኝ።»