የእናቴ ጠበልና አራቱ የቲማቲም ችግኞች

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ነው... ደባርቅ ጉም ውስጥ ነበረች። ከስሜን ገደል የሚነሣው ጉም አንዳንድ ቀን በር ሳያንኳኳ ይገባል። በመስኮት ሳይ ግቢው የለም፣ አጥሩ የለም፤ የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ጫፉ ብቻ ነጭ ነገር ላይ ተንሳፍፎ ይታያል።

እኔ ግን በዚያ ሰዓት የተነሣሁት ጉም ለማየት አልነበረም። ሌባ ልጠብቅ ነው። የሚወስድ ሳይሆን የሚጨምር ሌባ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እናቴ ሰማንያ አምስት ዓመት አልፏታል፤ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። የተወለደችው ከሊማሊሞ በታች፣ ቆላው ውስጥ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ምግብ እምቢ ብላለች። ሁለት ጉርሻ ትቀምስና እጇን ትታጠባለች።

«እምዬ፣ ምን ላምጣልሽ?» ስላት መልሷ አንድ ነው።

«የአገሬን ቲማቲም። ያቺን ትንሿን፣ ሽታዋ ከደጅ የሚጠራውን። ይኼ የገበያው ቆዳው ጎማ፣ ሆዱ ውሃ!»

ዘሩ ነበረን። ከሦስት ዓመት በፊት ለለቅሶ ቆላ ወርዳ ስትመለስ አንዲት ቲማቲም ይዛ መጥታ፣ ፍሬውን አሮጌ የትምህርት እቅዴ ላይ ለጥፋ አድርቃው ነበር። «የትምህርቱ ዓላማ» ከሚለው ሥር አሥራ ሁለት ፍሬ ተጣብቋል። ሌላ የለም። ዘመዶቿ እንኳ አሁን የሚዘሩት የሱቁን ነው።

ዕድሜዬን ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና እንደ ፈተና ተዘጋጀሁ። የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ሥሩን በጋለ ምስማር በሳሁት፤ ውሃ መውጫ ካጣ ሥር ይበሰብሳል። አፈር፣ አሸዋና የከረመ ፍግ ደባለቅሁ። ስድስት ፍሬ ዘርቼ ስድስቱን አስቀረሁ። መምህር ጠመኔውን በአንድ ቀን አይጨርስም። የደባርቅ ብርድ እንዳይነካቸው ሳሎን ውስጥ፣ ብርሃን የሚገባበት መስኮት ሥር አኖርኋቸው። ወደ ብርሃኑ ሲንጠራሩ እንዳይጣመሙ በየቀኑ አዞርኋቸው።

አምስቱ በቀሉ። ከዚያ... በየተራ ወገባቸው ከአፈሩ አጠገብ እንደ ክር እየቀጠነ ተኙ። ይኼ ርጥበት የሚያመጣው የቡቃያ በሽታ ነው። እኔ ግን የማጠጣው በማንኪያ ነው፤ ያውም የአፈሩ ላዩ መድረቁን በጣቴ ነክቼ ካረጋገጥሁ በኋላ። ደብተር ላይ ሰፍሯል።

የቀሩትን ስድስት ዘራሁ። ሁሉም በቀሉ። ሁለቱ ደግሞ ተኙ። ማታ ደርቆ ያየሁት አፈር ጠዋት ርሶ ይገኛል። ጣሪያውን ፈተሽሁ፤ አያፈስም። ጉሙን ጠረጠርሁ። እናቴን አልጠረጠርሁም፤ ቀኑ ሳይሞቅ ከአልጋዋ አትነሣም ብዬ። በመጨረሻ ራሴን ጠረጠርሁ... አጠጥቼ እየረሳሁ ይሆን? ዕድሜ ነው እኮ።

እናም ቅዳሜ ማለዳ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምሁ።

ከውስጥ ክፍል አንድ ነጭ ነገር ወጣ። ጉሙ እግር አብቅሎ የገባ ነው የመሰለኝ። እናቴ ነበረች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ በሌላው በባዶ ሆዷ የምትጠጣውን የማርያምን ጠበል በጠርሙስ ይዛ። ችግኞቹ ጋ ደርሳ ጎንበስ አለች። ለእያንዳንዳቸው ቡልቅ ቡልቅ እያደረገች አፈሰሰች።

«በስመ አብ...» አለቻቸው በሹክሹክታ። «እናንተ እስክታፈሩ እኔን ያቆየኝ። እኔ እስክቀምስ እናንተን ያቁማችሁ።»

ሌባ ልይዝ መምጣቴን ረሳሁት።

«እምዬ...»

«ውይ በማርያም! ነፍሴን አወጣኸው!»

«በየጠዋቱ ነው?»

«ታዲያስ! አንተ በማንኪያ እየሰፈርህ ስታስጠማቸው ዝም ልበል? ስንት ዘመን የሰው ልጅ አስተምረህ አንድ ችግኝ ማቆም አቃተህ። እነዚያ ሲሞቱማ ጨመር አደረግሁላቸው።»

የገደላቸው ጸሎትሽ ነው ተብሎ ለእናት አይነገር። እንደ መማሪያ ክፍል ልማዴ መልሱን ትቼ ጥያቄ ጠየቅሁ።

«እምዬ፣ ቄሱ ሲረጩሽ በባልዲ ነው?»

«አንተ ደግሞ! በጣታቸው ጫፍ ነው እንጂ።»

«አንሶሽ ያውቃል?»

ጠርሙሱን አየች። ችግኞቹን አየች። ጉሙ መስኮቱን እየዳበሰ ያልፋል።

«አንዲት ጠብታም ጠበል ናት» አለች ቀስ ብላ። ቆይታ ደግሞ፣ «እነዚያን... እኔ ነኝ የጨረስኋቸው?»

«ጉሙ ነው» አልኋት። ውሸታም ተማሪ የማልወድ ሰው፣ ዓይኗን እያየሁ ዋሸሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደንብ አወጣን። ጠዋት ጠዋት ጣቷን ጠበሉ ውስጥ ትነክርና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጠብታ ታንጠባጥባለች። እኔም ደብተሬ ላይ ዓምድ ጨመርሁ፦ «ውሃ፣ ጠበል፣ ምርት»። አራቱ ችግኞች ቆመዋል። ግንዳቸው ጠጉር አውጥቷል።

ዛሬ ጠዋት ጠብታዋን ስታንጠባጥብ ጣቷ አንዱን ቅጠል አሸት አደረገው። የቲማቲም ቅጠል ታውቁታላችሁ... ሲነኩት ፍሬው ሳይኖር ፍሬውን ይሸታል። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። ውጭ ጉም ነው፣ ብርድ ነው። እሷ ግን እዚህ አልነበረችም። ፊቷ ላይ የቆላ ፀሐይ ወጥቶ በዓይኔ አየሁት።

«የእናቴ ጓሮ...» አለች። ጣቷን ደግማ አሸተተች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ተቆጣችኝ።

«ምን ትገተራለህ? በዚህ ቤት ቁርስ የለም?»

ሳህኑን ጠርጋ በላች። ትንሽ ጨምርልኝም አለች።

ችግኞቹ ገና አበባ እንኳ አላወጡም... እኔ ግን «ምርት» በሚለው ዓምድ ሥር የዛሬውን ሞልቻለሁ።