አራት ፎቅ ለመውረድ የሚበቃ ጉልበት

የወደቅኩት ውኃ በጀሪካን ወደ አራተኛ ፎቅ ሳወጣ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቧንቧው ውኃ ሲጠፋ ከታች ቀድቶ መሸከም የሁላችንም ሥራ ነው። እኔን የሚለየኝ ከጀሪካኑ ጋር አብሬ መንከባለሌ ነው። ጀሪካኑ ተርፏል። የእኔ ቀኝ እግር ግን ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ጄሶው ሲፈታ ሐኪሙ በክራንች ደረጃ መውረድና መውጣት እንድጀምር ነግሮኝ ነበር። አልጀመርኩም። «ትንሽ ጉልበት ላግኝ፣ ከዚያ እወርዳለሁ» እያልኩ አንድ ወር ሙሉ አልጋዬ ላይ ከረምኩ። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ መረቅና አጥሚት ታፈራርቅልኛለች። ጎረቤቶቼ ብርቱካን ይዘው እየመጡ «እግዜር ይማርሽ» ይሉኛል። ደግነታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ከእነሱ አንዷ ልብሴን ሳይቀር ታጥብልኝ ነበር። ግን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉኝ ውስጤ ይቃጠል ነበር። እኔ እንቁላል አይደለሁም፤ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ደወለ።

«ቲቸር፣ ሰኞ ሁለተኛው ሴሚስተር ይጀመራል» አለኝ። «ከመጡ ስምንተኛ ክፍል የእርስዎ ነው። ካልመጡ ግን ለአዲሱ መምህር ልሰጠው ነው። ልጆቹ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኞች ናቸው፣ ይረዱኛል መቼም። ለእርስዎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ እፈልግልዎታለሁ።»

እነዚያን ልጆች ከስድስተኛ ክፍል ጀምሬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የማን እጅ ጽሑፍ እንደማይነበብ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ በመስኮት ላያቸው ነው? «ጉልበት ካገኘሁ እመጣለሁ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያም አለቀስኩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምናልባት ከሄድኩ ብዬ፣ የሴሚስተሩን የመጀመሪያ ትምህርት ማዘጋጀት ጀመርኩ። ከአዲሶቹ ቃላት አንዱ «ኢነርጃይዝ» የሚለው ግስ ነው። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ቃል! «ማበርታት፣ ማነቃቃት፣ ኃይል መስጠት» እላለሁ። ጥሩ ምግብ ሰውነትን ያበረታል፣ ጥሩ ንግግር አድማጩን ያነቃቃል፤ የመብራት ሠራተኞችም በሽቦ ውስጥ ኃይል ሲለቁ ይህንኑ ግስ ይጠቀሙበታል። ልጆቹ ይጽፋሉ፣ እኔ አርማለሁ፣ አበቃ።

በዚያ ቀን ግን ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ የቃሉን ምንጭ በትልቁ መዝገበ ቃላት ፈለግኩ። ከግሪክ የመጣ ነው ይላል፤ «ውስጥ» እና «ሥራ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ። ኃይል ማለት በመጀመሪያው ትርጉሙ ሥራ ውስጥ መሆን ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጉልበት እንደ በርሜል ውኃ አስቀድሞ ተጠራቅሞ ከዚያ የሚቀዳ ይመስለኝ ነበር። ተናደድኩ። «እናንተ ግሪኮች እግራችሁ ስላልተሰበረ ነው!» ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ቢሆንም ነገሩ አላስተኛኝም። አርብ ጠዋት እህቴ ሥራ እንደሄደች ክራንቼን ይዤ ወጣሁ። አንድ ፎቅ ተኩል ወረድኩና እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። መውረዱም መውጣቱም አቃተኝ።

ይሄኔ ከታች የወተት አከፋፋያችን መጡ። እኚህ ሽማግሌ ሕንፃዎቹ ከመሠራታቸው በፊት እዚሁ አካባቢ ያርሱ የነበሩ ናቸው፤ አሁን በቀሯቸው ላሞች ወተት ቤት ለቤት ያዳርሳሉ። አጠገቤ ሲደርሱ ደግፈው እንዲያነሱኝ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን የወተቱን ጀሪካን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ፣ ኮፍያቸውን ከፍ አደረጉ፣ «በርቺ፣ ልጄ!» አሉኝና አልፈውኝ ወጡ።

ደሜ ፈላ። ስንት ወር ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ ቆይቶ እኚህ ሰውዬ እንደ ድንጋይ ይለፉኝ? ነገር ግን አፌ ከልማድ ቀድሞኝ «አሜን፣ እርስዎም ይበርቱ አባቴ!» ብሎ መለሰላቸው። የሚያጭድ፣ የሚቆፍር ወይም ሸክም የያዘ ሰው ጋ ስትደርስ «በርቱ» ብለህ ታልፋለህ፤ ቆመህ ሥራ አታስፈታም። ሠራተኛውም መልሶ ይመርቅሃልና ወደ ሥራው ይመለሳል። አልጋዬ ላይ ሳለሁ «ይማርሽ» ያላለኝ የለም። ሥራ ላይ እንዳለሁ ቆጥሮ ሰላምታ የሰጠኝ ግን እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። የሠራተኛን ሰላምታ መልሼ እዚያው ተቀምጬ መቅረት አሳፈረኝ። የደረጃውን ብረት ይዤ ተነሣሁ፣ እስከ ታችም ወረድኩ። ተመልሼ ለመውጣት የፈጀብኝን ሰዓት አልናገርም። ቅዳሜም እሑድም ሁለት ሁለት ጊዜ ወርጄ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የወተት አከፋፋዩን ኮንዶሚኒየማችን ግቢ በር ላይ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ያን ቀን ለምን እጅዎን አልሰጡኝም?» አልኳቸው።

ግራ ገባቸው። «ሥራ ይዘሽ አልነበር እንዴ?» አሉኝ።

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ውለታዎን አልረሳም» አልኳቸው፤ ለምን እንደማመሰግናቸው የገባቸው አይመስለኝም። ዛሬም ሳስባቸው ልቤ በምስጋና ይሞላል።

ከታክሲ ወርጄ ትምህርት ቤቱ ስደርስ ደወሉ ተደውሎ ነበር። የስምንተኛ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ወጣቱ አዲስ መምህር ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል፤ ስሙን ጽፎ ሊያስተዋውቅ ነው። በሩን ገፋ አደረግኩት። መምህሩ ክራንቼንና ፊቴን አየ፤ ማን እንደሆንኩ ገባውና ጠመኔውን እጄ ላይ አድርጎልኝ ወጣ። ልጆቹ እንደ ደንባቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኔም ቆሜ ነበር።