በሬው ሲሰባ፣ መደቡ ሲበዛ

የበደለኝ የአጎቴ ልጅ አድማሱ ነው፤ ኢየሩሳሌም በገባን በስምንተኛው ዓመት። ስሙን የምጽፈው እንደ እሱ ካለ ዘመድ ሌላው እንዲጠነቀቅ ነው።

ከአዲስ አበባ በወጣንበት ቀን የእህቴ የጥሩዬ ስም ወደ እስራኤል ከሚሄዱት ዝርዝር ጠፋ። አውቶቡሱ በር ላይ እጇን አልለቅም ብል ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቀቀው አድማሱ ነበር። «አንቺ ግቢ፤ እሷን እኔ አስመጣታለሁ» አለኝ።

ቃታሞኒም በሚባል የኢየሩሳሌም ሰፈር ቤት ተሰጠኝ። የጎንደር ብርድ ፀሐይ ሲወጣ ይሄዳል፤ የዚህ ግን ግድግዳው ውስጥ ይከርማል። አድማሱ የጽዳት ኩባንያ አቋቋመ። ለጥሩዬ መምጫ ያጠራቀምሁትን ወስዶ አክሲዮን ሰጠኝ። «ትርፉ ያመጣታል» አለ።

ኩባንያው በተቋቋመ በሁለተኛው ዓመት ወረቀት ይዞ መጣ። «እታለም፣ ትርፋችን ከመቶ ሺህ ሸቀል መቶ ሃምሳ ሺህ ገባ! ጥሩዬም ቤቷን ሽጣ ትጨምር። ደውዬላታለሁ።»

ደውዬላታለሁ ሲል ወረቀቱን ከእጁ ወሰድሁ።

ያኔ እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ «የኢትዮጵያ መንገድ» በሚባለው ጎዳና፣ የአንዲት ሒሳብ አዋቂ ቢሮ አጸዳ ነበር። ሩት ትባላለች። ልጄን ታክላለች፤ ዕብራይስጥ አንቱታ የለውምና አንቺ ትለኛለች። ወረቀቱን ሰጠኋት።

«ትርፉን ተዪው» አለች። «ረቫሕ ለመናያ ስንት ነው?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለአንዱ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ። አምና መቶ ሺህ ሸቀል ለዐሥር ሺህ አክሲዮን፤ ለአንዱ ዐሥር። ዘንድሮ ገና ዓመቱ ሲጀምር አክሲዮኑን ሠላሳ ሺህ አድርጎታል። ከትርፉም መጀመሪያ ሠላሳ ሺህ ሸቀል ለልዩ አክሲዮኖች ይነሣል። የቀረውን መቶ ሃያ ሺህ ለሠላሳ ሺህ አካፍዪ።»

«አራት።»

«አራት። ትርፉ አደገ፤ ያንቺ አነሰ።»

«ቅርጫ ነው በይኛ!» አልሁ። አታውቀውም፤ ነገርኋት። ለበዓል በሬ አርደን በመደብ እንካፈላለን። በሬው ቢሰባም ተካፋዩ ሦስት እጥፍ ከሆነ የሁሉም ድስት ይጎድላል። «ልዩ የምትዪው ግን ዕጣ ሳይወጣ ሽንጡን ያነሣው ነው። ማን ነው?»

ገጹን ገለጠች። «አድማሱ» ብላ አነበበች።

በአገራችን እንዲህ ያደረገ ሰው ዳግመኛ ለቅርጫ አይጠራም።

ማታ አድማሱ ሲመጣ «ለአንዱ ስንት ይደርሳል?» አልሁት።

ፈገግታው አልጠፋም። «ማን አስተማረሽ?» አለ። ቀጥሎም በቀስታ፣ «ጥሩዬ እዚያ ብቻዋን ናት፣ እታለም። ወረቀቷን የማስጨርስላት እኔ ነኝ።»

ጥሩዬ ወደተመለሰችበት ወደ ጎንደር ደወልሁ። «ቤትሽን እንዳትሸጪ» አልኋት።

«ይህን እንደምትዪ አድማሱ ነግሮኝ ነበር» አለች። «እንድመጣ አትፈልጊም አይደል?» ስልኩን ዘጋችው።

ወረቀቱን አስተርጉሜ ለሰፈሯ ሽማግሌዎች ላክሁ። እነሱ መክረዋት ቤቱ አልተሸጠም። አድማሱም ወረቀቷን ተወው፤ ጥሩዬ አልመጣችም።

አድማሱ ሲሞት ለቅሶ አልደረስሁም።