የጣውላ ቤቱ ዝምተኛ ውሻ

ወንድሜን ሰው ሁሉ ይፈራው ነበር። በር ሲገባ ጎንበስ ካላለ ጉበኑ ይመታዋል፤ ትከሻው እንደ ቁም ሳጥን፤ ቅንድቡ ላይ ደግሞ እስከ ጉንጩ የወረደ ጠባሳ። ልጆች ሳለን እኔን አዝሎ ሲሮጥ ወደቀ። እኔ እንዳልጎዳ ብሎ በፊቱ ድንጋይ ላይ አረፈ። ጠባሳው የዚያ ነው። ሰው ግን ጠባሳ እንጂ ታሪኩን አያይም። እኔ ጋሼ ነበር የምለው፤ ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ በእጁ ገፋ አድርጎ የሚሸኝ ሰው ነበር።

የጣውላ መጋዘን ያለው ሰውዬ፣ ባለ ጣውላው እንለዋለን፣ ጋሼን በር ላይ ቆሞ ሥራ ሲጠይቅ አየውና ወዲያው ዘበኛ አደረገው። ምን ትችላለህ አላለውም። ከበሩ ጎን ያለችውን ክፍል ሰጠው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ መስኮቷ በመጋዝ ብናኝ ቢጫ የለበሰች። ጋሼ አላገባም፤ ከዚያች ክፍል ሌላ መጠጊያ አልነበረውም። እኔ ባሌ ከሞተ በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ ነበር የምኖረው፤ ምሳውን የማመላልስለት እኔ ነኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ባለ ጣውላው በካርቶን ቡችላ ይዞ መጣ። የሰጠው ሰው «ሲያድግ አንበሳ ነው» ብሎታል። አደገ፤ ደረቱም ሰፋ፣ እግሩም ወፈረ። ጆሮው ግን ከመርዘሙ የተነሳ ውሃ ሲጠጣ ሳህኑ ውስጥ ይነከራል። ግንባሩ ሽብሽብ፣ ዐይኑ ቡዝዝ ያለ፣ የሰው ሁሉ አቤቱታ ቀርቦለት ፍርድ የጠፋው ይመስላል። መጋዙ ላይ የሚሠሩት ሰዎች «ሽማግሌው» አሉት።

«ባለ ጣውላው መልክ እያየ ይቀጥራል» አለ አንዱ፣ ወሬ የማይጠፋው ባለ መጋዝ። «ሌባ ቢመጣ አንዱ ወንበር ያቀርባል፣ አንዱ እጁን ይልሳል።»

ጋሼም አብሮ ይስቅ ነበር።

እውነትም ሽማግሌው ሰው አይጠላም። ማንም ቢገባ ጭራውን እያወዛወዘ ይቀበላል። አፍንጫውን መሬት ላይ ከደፋ ደግሞ ስሙን ቢጠሩት አይሰማ፤ ጣውላ ለጣውላ ሲያሸት ይውላል። መጮኽ ግን የለም። ባለ ጣውላው ተቆጣ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል! ይሄ እየበላ ዝም! አንተ ነህ እያባበልክ ያበላሸኸው። ስማ፣ ሰኞ ማታ ድምፁን ካልሰማሁ ማክሰኞ እሱም ይወጣል፣ አንተም ትከተለዋለህ።»

ሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ሠራተኛው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ፣ ከግቢው ጩኸት ተሰማ። ባለ ጣውላው ቤቱ ከግንቡ ወዲያ ነው፤ መስኮቱን ከፍቶ «እሰይ የኔ አንበሳ!» አለ። እኔም ሰምቼ ተመስገን አልኩ፤ ጋሼ ክፍሉን አላጣም ብዬ።

ከዚያ ስንት ጊዜ እንደቆየ እንጃ፤ አንድ ምሽት የምሳ ሳህኔን ረስቼ ኖሮ ተመለስኩ። ጩኸቱ ከጣውላው ክምር ጀርባ ይመጣል። ዞር ብዬ ባይ ጋሼ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ እጁን አፉ ላይ አሸንዳ አድርጎ ይጮኻል። ሽማግሌው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ፣ አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አድርጎ ያየዋል።

«ጋሼ! ምን ነካህ?»

«ዝም በይ፣ ገና አልጨረስኩም።»

ሦስት ጊዜ ደግሞ ጮኸና አፉን ጠረገ።

«ምን ላድርግ እቱ? ዱዳ አድርጎ ነው እግዜር የፈጠረው። ዱዳ ልጅ ከቤት ይባረራል?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሱም ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሰው የራሱ የሆነ ነገር ሲኖረው ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ! የሽማግሌውን ጆሮ ማታ ማታ እያገላበጠ በጨርቅ ያደርቅለት ነበር፤ ውስጡ እየረጠበ ያመዋልና። ባለ መጋዞቹም ምስጢሩን አውቀው አፋቸውን ያዙ። ወሬኛው ሳይቀር።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። እኔ መቼም ደስታ ሲረዝም ደስ አይለኝም፤ የሚከተለው ይታየኛል።

የባለ ጣውላው ሚስት ወንድም አዳኝ ነበር፤ ሩቅ አገር እየሄደ የሚያድን። አንድ ከሰዓት በኋላ ጣውላ ሊያስጭን መጣ። እኔ የጋሼን ምሳ ይዤ እዚያው ነበርኩ። ሽማግሌው ሄዶ ጫማውን አሸተተው። ሰውዬው ጣውላውን ረስቶ ተንበረከከ። ጆሮውን ይዞ ወደ አፍንጫው ሳበው፤ ጆሮው አፍንጫውን አልፎ ሄደ። ከዐይኑ ሥር የተንጠለጠለውን ቆዳ፣ ደረቱን፣ የመዳፉን ውፍረት፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ጭራና ጫፉ ላይ ያለችውን ነጭ አየ።

«በመልኩ አነፍናፊ አዳኝ ነው» አለ። «ሲመስለኝ ንጹሕ ዘር። መልክ ግን ያታልላል፤ ጠባዩን ንገሩኝ። እንግዳ ይወዳል?»

«ይወዳል» አለ ወሬኛው።

«ምግቡን ሌላ ውሻ ቢነካበት?»

«ያካፍላል።»

«አፍንጫውን ከደፋ ሲጠሩት ይሰማል?»

«የት አባቱ ሰምቶ!»

ሰውዬው ፈገግ አለ። «እንግዲህ አንድ ነገር ቀረ። ይህ ዘር ሰው ላይ አይጮኽም። ይሄስ? አይጮኽም ካላችሁኝ ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ።»

ጋሼን አየሁት። ጠባሳው ብቻ ቀልቶ ሌላው ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ይጮኻል ጌታዬ» አለ።

«ይጮኻል እንጂ!» አለ ባለ ጣውላው ኮራ ብሎ። «እሱን ሳልሰማ እኮ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አዳኙ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ ድብልቅ ነው፤ አይሆነኝም» ብሎ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። ጋሼ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። ምነው እዚያ ላይ በቀረ! ሰውዬው ግን ልቡ አላረፈም፤ መኪናው ጋ ሄዶ የጥንቸል ቆዳ አመጣ። ቆዳውን መሬት ለመሬት እየጎተተ በክምሮቹ መሐል አዞረና ከአጥሩ ሥር ብናኝ ውስጥ ቀበረው። «ልቀቁት» አለ።

ሽማግሌው አፍንጫውን ደፋ። ጭራው ቀጥ አለ። ጥቂት ሄደና ራሱን ቀና አድርጎ ድምፅ አወጣ። ጩኸት ልበለው? ከሆዱ ተነሥቶ የሚንቆረቆር፣ ረጅም፣ እንደ መለከት ያለ ነገር። መጋዙን አቆሙ። እያዜመ ክምሩን ሁሉ ዞረ፣ ቆዳውንም አወጣ። ዱዳ አልነበረም። የሚናገርበት ነገር አጥቶ ነው የኖረው።

ጋሼ ዕንባው በጠባሳው ላይ ሲወርድ አልጠረገውም።

«ይሄ እኮ ያ ድምፅ አይደለም» አለ ባለ ጣውላው። «ታዲያ እስከ ዛሬ የሚጮኸው ማነው?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ወሬኛው እንኳ። ያን ጊዜ ጋሼ፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሁለት ጊዜ ጮኸ።

ባለ ጣውላው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አዳኙ አልሳቀም።

«ብወስደው ይሻላል ወንድሜ» አለው ጋሼን። «እዚህ ቢቀር ዝም እንዳለ ያረጃል።»

ጋሼ ገመዱን ራሱ አስያዘው። «ጆሮው» አለ፣ «ውስጡ ይረጥባል። ማታ ማታ በጨርቅ ይደረቅለት።» ሽማግሌው መኪናው ውስጥ አፍንጫውን ወለሉ ላይ ደፍቶ እያሸተተ ሄደ። ዞሮም አላየን። ውሻ ነው፣ አይፈረድበትም።

ጋሼ ልብሱን ሊሸክፍ ወደ ክፍሉ ሲያመራ ባለ ጣውላው ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ወዴት? እኔ ሌላ ውሻ አላመጣም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ!»

ቀልድ መስሎን ነበር። ሲመሽ መስኮቱ ተከፈተ። «ምነው፣ ዛሬ የለም እንዴ?» አለ።

«አትጩኽ ጋሼ» አልኩት። «ከእኔ ጋር እንሂድ፤ እኔ ጋ ትኖራለህ።»

«አንቺ ጋ ያለው አልጋ አንድ ነው እቱ» አለኝ። ከክምሩ ጀርባ ሄዶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ጮኸ።

ዘመኑን ሁሉ እንዲያው ጮኸ። ለሽማግሌው ሲል ሲጮኽ ጨዋታ ነበር፤ ለራሱ ሲሆን ከበደው። የሰፈር ልጆች ሲያልፉ «ው! ው!» ይሉታል፤ መልኩን የሚፈራ ጠፋ። በመጨረሻ ጉሮሮው ተዘጋ፤ ሐኪሙ «አትናገር፣ አሳርፈው» አለው። መናገሩንስ ካቆመ ቆይቷል፤ ያላቆመው ያን ጩኸት ነው። አንድ ማለዳ ምሳውን ምን ላድርግ ብዬ ልጠይቀው ብሄድ አልጋው ላይ ቀዝቅዞ አገኘሁት። የጆሮ ማድረቂያው ጨርቅ ታጥቦ፣ ታጥፎ ትራሱ ሥር ነበር።

ባለ ጣውላው ለቀብር መጣ፣ አለቀሰም። ከዚያ ውሻ አመጣ፤ ባለፈ ባገደመ ሰው ሁሉ ላይ የሚጮኽ። ሲመሽ ከቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ። ሥራዬን ትቼ ጆሮዬን አቆማለሁ፤ ደጋግሜ አዳምጣለሁ።

ውሻ ነው።